ቀይ ክር የታሰረበት ድስት

ውድ ፈትያ፣

እንጭኒ ከተማ ያረፍኩት አዴ ባየሽ የሚባሉ ጴንጤ አስተማሪ ቤት ነው። የክርስቲያን ሥጋ አልበላም ለማለት አፍሬ፣ «ሆዴን ያመኛል» እያልኩ ሁለት ቀን በሽሮ ቆየሁ። ዛሬ ጠዋት ዶሮ ታቅፈው ወጡ፤ ለካ ኦቦ ፉአድ የሚባሉ ሙስሊም ጎረቤታቸው ዘንድ ሊያሳርዱልኝ ኖሯል። አዲስ ድስትም ገዝተው ጆሮው ላይ ቀይ ክር አሰሩ።

«ሆድሽ ደህና እንደሆነ አውቄአለሁ» አሉኝ። «ይሄ ድስት ያንቺ ነው፤ የኛ ሥጋ አይገባበትም፤ ስትመለሺ ይጠብቅሻል።»

በድስት ከሰው መለየት እንዲህ ደስ ይላል ብዬ አላውቅም። እኛ ጅማ፣ ግቢያችን ለተከራየችው ክርስቲያን መምህርት ለአስካለ፣ በየአረፋው ዳቦና ለስላሳ ሰጥተን ያስተናገድናት ይመስለናል።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እናታችንን ሳሚልኝ። አረፋ ሳይደርስ ለአስካለ ድስት ግዢላት፤ ክሩን እኔ ይዤ እመጣለሁ።

አስያ