ደርቋል?

ጥቅምት 11

ዛሬም እንደ ትናንቱ። ጠዋት አሸዋ መንፋት፣ ከሰዓት አሮጌ ፒስተን ማቅለጥ። ቤት ስገባ እማዬ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ማስተርስ ትማራለች ብዬ የማወራላት ልጅ ከሰል ተሸካሚ መስላ ትመጣልኛለች!» እውነቷን ነው። ፀጉሬ ሦስት ጊዜ ታጥቦም ጭስ ጭስ ይላል።

አማካሪዬ ፕሮፌሰሩ ዛሬም አቅላጩ ሠራተኛ ጭልፋውን ከማንሳቱ በፊት ጠየቁ። «ደርቋል?» የአሸዋው ቅርጽ ደርቋል ወይ ማለታቸው ነው። የቀለጠ አልሙኒየም እርጥብ አሸዋ ላይ ካረፈ ይፈነዳል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህችን ሳይጠይቁ አንድም ቀን አላስፈሰሱም ይባላል። ተማሪው ሁሉ በሌሉበት «ደርቋል» እያለ ነው የሚጠራቸው።

ዛሬ ግን ሦስት ጊዜ ጠየቁ። አቅላጩ ጠቀሰኝ። «ኢንጂነሯ፣ ሰውየው ዛሬ እኔንም ሊያደርቁኝ ነው!» ሳቅን።

ጥቅምት 20

«የጥናትሽ ርዕስ ምን ነበር?» አሉኝ ፕሮፌሰሩ። አልሙኒየሙ ሲረጋ ውስጡ የሚቀረውን የአየር ቀዳዳ መቀነስ... ራሳቸው የሰጡኝ ርዕስ! ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል።

ኅዳር 2

ምዕራፍ ሁለትን መለሱልኝ። ባለፈው ሳምንት «አውጪው» ያሉኝን አንቀጽ ዛሬ «ለምን አወጣሽው?» ብለው ተቆጡ። ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። ምን ልበል ታዲያ?

እዚህ እንኳ ልጻፈው። ሥራ አልበዛባቸውም። ጭንቅላታቸው እየከዳቸው ነው።

ብናገርስ? ጡረታ ያወጧቸዋል። እኔን የፕላስቲክ ሥራ ለሚያስተምረው መምህር ይሰጡኛል፤ እሱ ደግሞ ማቅለጥ የሚባል ነገር አይመለከተኝም፣ ከዜሮ ጀምሪ ይለኛል። የዓመት ከመንፈቅ ልፋቴ ገደል ገባ ማለት ነው። ለእማዬ ነገርኳት። «ዝም አይነቅዝም» አለችኝ። እሺ... ዝም።

ኅዳር 12

ኮሪደር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ማቅለጫ ክፍሉ ጠፍቷቸዋል! «እኔም ወደዚያው ነኝ፣ አብረን እንሂድ» አልኳቸው። ክንዴን ያዙ። ማንም አላወቀም። በብልጠቴ ደስ አለኝ... ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኅዳር 23

አልጠየቁም።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። ቅዳሜና እሁድ ሲዘንብ ነበር። ጣሪያው በጥጉ በኩል ያፈሳል። አርብ የሠራናቸው ቅርጾች እዚያው ሥር ነበሩ። ላያቸው ደረቅ ይመስላል። አቅላጩ ጭልፋውን አነሳና ወደ ፕሮፌሰሩ አየ።

«አፍስስ» አሉ።

ይኸው ነው። አፍስስ። ጆሮዬ ጥያቄውን ጠበቀ... አፌን ልከፍት ነበር? አላውቅም። እስካሁን አላውቅም። ፈሰሰ፣ ፈነዳ፣ ጣሪያ ድረስ ተረጨ። አቅላጩ መነጽርም ጓንትም አድርጎ ነበር። በጓንቱ አፍ ገባ። ቀኝ እጁ። ጩኸቱ ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። ፕሮፌሰሩ ቆመው «ማነው እንዲህ ያደረገው?» ይላሉ።

ኅዳር 25

ሆስፒታል ሄድኩ። እጁ እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል። ጣቶቹ ይታጠፉ አይታጠፉ ገና አልታወቀም።

«አልጠየቁም፣ አይደል?» አለኝ።

«አልጠየቁም።»

«እኔስ ምን ነክቶኝ ነው ያልዳሰስኩት? ሁልጊዜ ሲጠይቁ ነዋ የማየው። ካልጠየቁ... ደርቋል ማለት ነው ብዬ።» ወደ እኔ ዞረ። «ሰውየው ደህና እንዳልሆኑ ታውቂ ነበር?»

ቦርሳዬን አነሳሁ። ስወጣ «ደህና ዋይ» አለኝ። ኢንጂነሯ አላለኝም።

ኅዳር 26

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ገባሁ። ሁሉንም ተናገርኩ። ሳይቃጠል በቅጠል ነበር የሚባለው። እኔ ከተቃጠለ በኋላ ደረስኩ።

ታኅሣሥ 9

ፕሮፌሰሩ ቢሯቸውን አስረከቡ። መጻሕፍቱን ካርቶን ውስጥ ስከት ጠጋ አሉኝ። «ልጄ፣ አንድ ሰው ነገረብኝ። የበላበትን ወጪት ሰባሪ! ያ አቅላጭ ነው።»

«እሱ አይደለም።»

«እና ማነው?»

ካርቶኑን ማሰር ጀመርኩ። ፈሪ! ፈሪ ነኝ።

ታኅሣሥ 19

የፕሮፌሰሩ ባለቤት ደወሉልኝ። ፕሮፌሰሩ ቀን ከሌት አቅላጩን ይረግማሉ አሉ። ዛሬማ ቤቱ ድረስ ሄጄ ልኩን ካልነገርኩት ብለው ጫማቸውን አድርገው ነበር። በዚያ እጁ ላይ ርግማን ሊጨመርበት? ወደ ቤታቸው ሄድኩ።

«የተናገርኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው ፕሮፌሰሩን።

«አንቺ? ለምን?»

ነገርኳቸው። ዝናቡን፣ አሸዋውን፣ እጁን።

«ደርቋል ብዬ አልጠየቅኩም?»

«አልጠየቁም።»

አለቀሱ። ያ ሁሉ ሰው የሚፈራቸው ፕሮፌሰር፣ እንደ ሕፃን። አንጀቴን በሉት። ባለቤታቸው እስከ በር ሸኙኝ። «እስከ ማታ ይረሳዋል፣ አይዞሽ።»

ታኅሣሥ 26

ረስተውታል። አቅላጩን መርገሙን ግን አልረሱም። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ለምን?» አሉ። ነገርኳቸው። እንደ አዲስ ሰሙት፣ እንደ አዲስ አለቀሱ።

ባለቤታቸው ጓዳ ጠሩኝ። «በፈጠረሽ፣ የሰውየውን እጅ ሁለተኛ እንዳትነግሪው። ስንት ጊዜ ሰው ያቃጥል?»

ጥር 10

አቅላጩ ወደ ሥራ ተመልሷል። ቀኝ እጁ አይጨብጥም። ጭልፋውን ሌላ ሰው ያነሳል፣ እሱ አጠገቡ ቆሞ ያሳየዋል። እኔ ወደ ፕላስቲኩ መምህር ተዛውሬያለሁ። ርዕሴ ተቀይሯል፤ ከዜሮ። ይሁን። ጠዋት ግን ማቅለጫ ክፍሉ ገብቼ ቅርጾቹን አንድ በአንድ ዳሰስኩ። ማንም አላዘዘኝም። አቅላጩ አየኝ።

ከሰዓት ፕሮፌሰሩ ቤት ሄድኩ። «ልጄ! መጣሽልኝ!» ጉንጬን ሳሙኝ። አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ።

«ያ አቅላጭ ምን እንደሠራኝ ሰማሽ?»

«እሱ አይደለም። እኔ ነኝ።»

«አንቺ? ለምን?»

ባለቤታቸው ከጀርባቸው ቆመው ያዩኛል።

«ምቀኝነት ነው» አልኩ። «ቀንቼብዎት ነው።»

አዩኝ። ብዙ አዩኝ። «የበላሽበትን ወጪት... ውጪልኝ! ውጪ ከቤቴ!»

ወጣሁ። ባለቤታቸው በሩን ሊዘጉ ሲሉ በሹክሹክታ «ቅዳሜ ትመጫለሽ አይደል?» አሉኝ። «አንቺን ሲያይ እኮ ደስ ይለዋል።»

እመጣለሁ አልኳቸው።