ከማክሰኞ ወዲህ ሞተሃል

ጂንካ፣ ዓርብ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአንጁሎ፣ ዱስ

ደብዳቤ የሚጀመረው ጤና በመጠየቅ ነው። ያንተን ጤና መጠየቅ ግን ትንሽ ከበደኝ፤ ከሞትክ ዛሬ አራተኛ ቀንህ ነው። እኔ ደህና ነኝ። እንደ ወትሮው ቤተ መጻሕፍት እየገባሁ መጽሐፍ አውሳለሁ፤ ሰዎች ይህንን አይተው ጥንካሬዬን ያደንቃሉ።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። ቴሌግራም ላይ «የሜዳው ልጆች» የሚባል ግሩፕ አለ። በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ዳር ያደግን፣ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ከሜዳው ከብት እናባርር የነበርን ሁሉ እዚያ ተገናኝተናል። ሐዋሳ ያለው አለ፣ ዱባይ ያለችው አለች። እዚሁ ጂንካ አጥር ተጋርተው ሰላም የማይባባሉ ሁለት ሰዎች እንኳ በየጠዋቱ ቀይ ልብ ይላላካሉ።

ማክሰኞ ጠዋት ኤልዳና በ1986 ሜዳው ላይ የተነሳነውን የአራተኛ ክፍል ፎቶ ለጠፈች። የክፍል አለቃችን ነበረች፤ ስም መጥራት እስካሁን አልተዋትም። በሕይወት የሌሉት ራስ ላይ ሻማ አደረገችና የሟቹን የዳርጌን ሻማ አንተ ላይ ተከለችው። ጥፋቱ የሹራቡ ነው። ያን ቀን ደህና ሹራብ የነበረው ዳርጌ ብቻ ስለሆነ፣ ፎቶ አንሺው አንዱን ረድፍ አንስቶ ሌላውን ሲጠራ ሹራቡ ከአንገት ወደ አንገት ይዞር ነበር። በዚህኛው ፎቶ የለበስከው አንተ ነህ። እሷ ቀይ ሹራብ አይታ ዳርጌ ነው አለች። ከዚያ አንዱ ፊትህን ለየና «ይሄ አንጁሎ አይደል? እሱም አረፈ እንዴ?» ብሎ ጻፈ። አይ፣ ሻማው ተሳስቷል ያለ ሰው አልነበረም። አሥራ አንድ ዓመት ድምፁ ያልተሰማ ሰው ለመሞት ብዙ ማስረጃ አያስፈልገውም ለካ።

ረፋድ ላይ በወባ ሞትክ። ከምሳ በኋላ ኦሞ ወሰደህ። አመሻሽ ላይ አንድ አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ቀብርህ ላይ እንደነበረ ጻፈ።

እኔ «እርግጠኛ ናችሁ?» አልኩ። «አስኩ፣ መቀበል እንደሚከብድሽ ይገባናል» ተባልኩ፤ ስልሳ ልብ ተከተለ። ከዚያ በላይ አልጻፍኩም፤ ምክንያቱን ታውቃለህ። ከሁለት ዓመት በፊት በሾፌሩ በአሌክስ እጅ የላክሃት ብጣሽ ወረቀት መዝገበ ቃላቴ ውስጥ አለች። በሕይወት እንዳለህ፣ ኦሞ ዳር ዱስ መንደር የውሃ ፓምፕ እንደምትጠግን፣ ለማንም፣ በተለይ ለእናትህ፣ እንዳልናገር ትላለች። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የመጣች ወረቀት ናት፤ ስለ እኔ ምንም የላትም። እኔም «እሺ» ብቻ ብዬ መለስኩ። ሁለታችንም ቃል አናባክንም።

እስከ ረቡዕ ስስቅ ነበር። ረቡዕ ፍሥሐ ኮሚቴ አቋቋመ። ያ ከብት ሲባረር ዛፍ ላይ ሆኖ ትእዛዝ ይሰጥ የነበረው ፍሥሐ ዛሬ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነው፤ ያለ አጀንዳ አያስነጥስም። እናትህ በአጋጣሚ ከመንገድ እንዳይሰሙ በወጉ መርዶ ይነገራቸው ተባለ። ሰኞ ሲነጋጋ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ አሥራ ሁለት ሰው በሚኒባስ ገዘር ደርሶ በራቸውን ያንኳኳል። ለእኔ የፊት ወንበር ተይዞልኛል።

ቢሮው ሄጄ መርዶው ይቅር አልኩት። «አለ ካልሽ የት እንዳለ ንገሪኝ፤ አሁኑኑ ፕሮግራሙን እሰርዛለሁ» አለኝ። መልሱ አፌ ላይ ነበር። ቃሌን አስቤ «ልቤ አልተቀበለውም» ብዬ ወጣሁ። ከተናገርኳቸው ነገሮች ሁሉ እንደዚህ ያፈርኩበት የለም።

አንጁሎ፣ እናትህ የልብ ሕመምተኛ ናቸው። ይህን አታውቅም። ከአምና ጀምሮ ያለ መድኃኒት አይውሉም። መርዶው የሚገባው እዚያ ደረት ውስጥ ነው።

ስለዚህ ትናንት ገዘር ወጣሁና ቃሌን አፈረስኩ። ይቅርታ አልጠይቅህም።

እንሰት ሲፍቁ አገኘኋቸው። በሕይወት እንዳለህ፣ የት እንዳለህ፣ ሰኞ እነማን እንደሚመጡ ነገርኳቸው። መፋቂያውን ከእጃቸው አላስቀመጡም። ብዙ ከፋቁ በኋላ «ያ የሚያመው ጥርሱስ?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ።

«ሚስቱ አይደለሽ?»

እንሰቱን ደግፌ ያዝኩላቸው።

ያን የሄድክበትን ቀን አልረሱትም። ኮልቾ መንደር ቱሪስት አድርሰህ ስትመለስ አባትህ በዋዜማው ተቀብረው ነበር፤ እናትህ ለቀስተኛው ፊት «ልጄም ከአባቱ ጋር ተቀብሯል» አሉህ። አንተም ከግቢው ዞረህ ወጣህ፤ እኔን ለመሰናበት እንኳ ወደ ጂንካ አልወረድክም።

እንግዲያው ፍሥሐ ይቅርበት፣ እኔው እነግረዋለሁ ስላቸው እምቢ አሉ።

«ይምጡ። እኔ በአፌ ቀብሬዋለሁ፤ ያን ጊዜ አለሁ አላለኝም። አሁን ሌላ ሰው ሊቀብረው ሲመጣ፣ እዚህ ቆሞ አለሁ ይበል። ሰኞ በሩን ከፍቼ እቀመጣለሁ። ማን ቀድሞ እንደሚገባ አያለሁ።»

«ልብዎስ?» አልኳቸው።

«ልቤን ለኔ ተይው።»

«ካልመጣስ?»

«ካልመጣ የነገሩኝን አምናለሁ። ጥቁር እለብሳለሁ። አንቺም ትለብሻለሽ።»

ያንተን ግትርነት ከየት እንዳመጣኸው ለዓመታት ስጠይቅ ነበር፤ አሁን ጨርሻለሁ።

አሌክስ ነገ ማለዳ ይነሳል፤ ከሰዓት በኋላ ይህን ወረቀት ይሰጥሃል። እሑድ ጠዋት ሲመለስ ከጎኑ ያለውን ወንበር ለማንም እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ። እኔ ፊት ምሏል፤ ገዘር ድረስ ያወጣሃል። ፓምፕ ተበላሸብኝ እንዳትል። ወንዙ እስከ ማክሰኞ አይደርቅም። እኔ እሑድን እናትህ ዘንድ አድራለሁ፤ የፍሥሐ የፊት ወንበር ባዶውን ይምጣ።

እግዚአብሔር መንገዱን ያቅናልህ። ጎማውን ከእሾህ፣ አሌክስን ከእንቅልፍ ይጠብቅልኝ። ጥርስህንም ይማርልህ።

ለሰኞ ነጠላዬን አጥቤያለሁ። አዘቅዝቄ እንድለብሰው አታድርገኝ።

ሚስትህ
አስካል