የበድሪ ድንጋይ

ኅዳር 4

ለጎሿ ሳር አጨድኩ። ቦዩን ጠረግሁ። የማታ ትምህርቱን ምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። ከሃያ ሁለት ሰው በጣቱ መስመር ሳይከተል የሚያነብ እኔ ብቻ ነኝ... መምህሩ አላለም፣ እኔ ግን አይቻለሁ።

ሚስቴ ሸውቅያ ወረቀቱን ቆማ አየችው። «እንግዲያው እስክንድርያ ውሰደኝ። የበድሪን ድንጋይ አንብብልኝ» አለች።

ወንድሟ በድሪ ወደብ ላይ የጥጥ ቦንዳ ወድቆበት ከሞተ ዘጠኝ ዓመት። እኔ ብቻዬን ሄጄ ቀበርኩት፣ ስሙ የተቀረጸበት እብነበረድ አሠራሁለት። እሷ ያኔ ልጃችንን ኸላፍን አርግዛ ነበር። መቃብሩን አይታው አታውቅም። እንዴት እምቢ ይባላል?

ኅዳር 7

ባቡር ላይ የየጣቢያውን ስም ጮክ ብዬ አነበብኩ። አንዱ ተሳፋሪ «ወንድሜ፣ እኛም ዓይን አለን» አለኝ። ቅናት።

እስክንድርያ ትሸታለች። የበሰበሰ ዓሣ፣ ናፍጣ፣ የድመት ሽንት። ሰው ሊዝናና የሚመጣው ለዚህ ነው? የተቀበለን ሩሽዲ ነው፣ ከበድሪ ጋር ወደብ ላይ የሠራ። ጉበት በዳቦ ገዛልን። ሻጩ አፍንጫውን በጠረገበት እጁ ዳቦውን ሰነጠቀው። ሸውቅያ በላች። እኔ ድርሻዬን ለድመት ጣልኩ።

«እናንተ የላይኛው ግብፅ ሰዎች ሆዳችሁ ስስ ነው» አለ ሩሽዲ።

«ሆዴ አይደለም፣ ዓይኔ ነው የጠገበው» አልኩት።

ጥሩ መለስኩ።

ኅዳር 8

ቃይትባይ ምሽግ። ሱልጣን የሠራው፣ አላፊ አግዳሚው የሚሸናበት። ግድግዳው ላይ በሚስማር የተጫረ «ሃኒ ሪምን ይወዳል»፣ ከሥሩ በሌላ እጅ «ሪም አትወደውም»። ማንበብ መማሬ ለዚህ ኖሯል። ከታች ባሕሩ የሐብሐብ ልጣጭና ፌስታል ያላምጣል።

«መቃብሩ ነገ ነው አይደል?» አለች ሸውቅያ። ባሕሩን አላየችም።

ነገ ነው።

ኅዳር 9

ሩሽዲ ጠዋት ትልቁን ዓምድ አሳየን።

«ጣሪያ የሌለው ምሰሶ ለማየት ቲኬት?» አልኩት።

«አንተን ለማየትም ቲኬት ሊቆረጥ ይገባል፣ የኸላፍ አባት» አለኝ።

መቃብሩ ከዓምዱ ጀርባ ነው። ሩሽዲ በሩ ላይ ቀረ። ቦታውን አልረሳሁም፣ ከቧንቧው ሦስተኛው። ዙሪያው የዶሮ ላባና ጭቃ። ጎንበስ ብዬ አነበብኩ።

«ሐሚዳ አብዱል ሙጢዕ» ይላል።

ደግሜ አነበብኩ። በጣቴ ጭምር። የሴት ስም ነው... ጠራቢው ሌላ ሰው አሠርቶ ያልወሰደውን ድንጋይ ሸጦልኛል። ያኔ ፊደል ያልቆጠርኩት እኔ ደግሞ «እንዴት ያለ ውብ ጽሑፍ ነው» ብዬ ግንባሩን ስሜዋለሁ። ለመንደሩ ሁሉ ስለ ፊደሉ ውበት ያወራሁት ስንት ዓመት ነው?

«አንብብልኝ እንጂ» አለች ሸውቅያ።

«በድሪ አብዱል ናዒም» አልኩ። «የወደቡ ጀግና።» ጭራሽ ጨመርኩበት።

እጇን የሴትዮዋ ስም ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ዓሣው፣ ሽንቱ፣ ጉበቱ ምንም አይደለም። ከሁሉ የሚያስጠላው እኔ ነኝ።

ኅዳር 10

የንጉሡ አትክልት ቦታ። ዛፉ ደህና ነው፣ ሰዉ ዘቢብ ላይ እንዳረፈ ዝንብ ተከምሮበታል። ሸውቅያ «ቀለለኝ» አለች። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ስትል ሰምቻት አላውቅም።

ከዚያ በእንጨት አሸዋው ላይ አንድ ፊደል ጻፈች። ከድንጋዩ በልቧ ይዛው መጥታ። «የበድሪ መጀመሪያ ይህ ነው አይደል? ለኸላፍ አሳየዋለሁ» አለች።

ሆዱ የተከፈተ የዐረብኛ ፊደል። ሐ ነው፣ የሐሚዳ መጀመሪያ። ነጥብ የለውም።

ዝም ብል ማን ያውቅብኛል?

«በ ከሥሩ ነጥብ አለው» አልኳት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት።

አልጮኸችም። «ትናንት ያለቀስኩት ለማን ነው?» አለች።

«ለሐሚዳ።»

ቀልድ መሰለ። አልነበረም። ፊደሏን በእግሯ አጠፋች።

ኅዳር 11

ጀልባ ከሚቀቡት ሰዎች ጥቁር ቀለምና ብሩሽ ለመንኩ። መቃብሩ ሄደን ከሩሽዲ ጋር ድንጋዩን ገለበጥነው። ጀርባው ንጹሕ ነው። «በድሪ አብዱል ናዒም» ብዬ ጻፍኩ። መስመሩ ተንጋደደ፣ የመጨረሻው ፊደል ቦታ አጥቶ ወደ ታች ወረደ። ጀግና ምናምን አልጨመርኩም።

«ይኸው፣ በድሪ ይላል» አልኳት።

አላየችኝም። መነጽር ያደረገች ሴት በመንገዱ ስታልፍ ጠራቻት። «እህቴ፣ እስቲ ይህን ድንጋይ አንብቢልኝ።»

ቆሜያለሁ። ብሩሹ እግሬ ላይ ይንጠባጠባል። ለምስክር ወረቀቱ ስፈተን እንኳ ልቤ እንዲህ አልመታም።

ሴትዮዋ ጎንበስ አለች። «በድሪ... አብዱል ናዒም። አላህ ይማረው። የጻፈው ሰው ግን እጁ ምን ሆኖ ነው?»

የምመልሰው ነበረኝ። አልመለስኩም።

ሸውቅያ አንድ ጊዜ ደግማ አስነበበቻት። ከዚያ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። እጇን ወደ ስሙ ስትዘረጋ «ቀለሙ አልደረቀም» አልኳት።

እጇን መለሰች። ይህን አመነችኝ።