የወሩ መጨረሻ እሑድ ወንበሮች

ለውድ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽ እንዴት ሆነ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያምሻል ወይስ ለቀቅ አደረገሽ? እማዬስ እህል መቅመስ ጀመረች? መንትዮቹ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ስለ ራሴ ከዚህ የበለጠ የምነግርሽ ባገኝ ደስ ባለኝ ነበር።

የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። አባባ ከተቀበሩ ወዲህ ወንድም ጋሼና ማሙሽ ቃል አልተለዋወጡም ብለሻል። ወንድም ጋሼ ቤቱ ይሸጥ፣ ድርሻችንን እንያዝ ይላል። ማሙሽ ደግሞ እማዬን ይዞ ከዚያ ቤት ንቅንቅ እንደማይል ምሏል። በወሩ መጨረሻ እሑድ ሁለቱን ሳሎን ልታስቀምጫቸው ነው። ያ ካልሆነ ፍርድ ቤት ነው፤ ፍርድ ቤት ከሆነ ደግሞ እማዬ በዚህ ዕድሜዋ ዕቃዋን ልትሸክፍ ነው። «አንተ ከሁላችንም ዝምተኛው ነህ፣ የምትለውን ላክልኝ» ብለሽ ጽፈሻል። ስለ ቤቱ የምለው ጠፋኝ። የማውቀውን ብቻ ልጻፍልሽ፤ የማውቀው ወንበር ነው።

የምሠራበት አዳራሽ ለመጣው ሁሉ ይከራያል፤ ለስብሰባም፣ ለሠርግም፣ ለሐዘንም። ወንበር የምንደረድረው እኔና ሎጋው የምንለው ባልደረባዬ ነን። አለቃችን አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አለቻት፤ «አሬንጅ»። ወንበሩን አሬንጅ አድርጉ፣ አበባውን አሬንጅ አድርጉ፣ ለእንግዳው መኪና አሬንጅ አድርጉ። ሁለቱ የጽዳት ሠራተኞች በሥራ ተራ ሲጣሉም «ተነጋገሩና አሬንጅ አድርጉት» ብላቸው ትሄዳለች። በእኛ ቋንቋ ወንበር ይደረደራል፣ አበባ ይሰካል፣ መኪና ይዘጋጃል፣ የተጣላ ይታረቃል። እሷ ሁሉንም በአንድ ማንኪያ ታማስለዋለች። ሎጋው ሲርበው «ሆዴን አሬንጅ ላድርገው» እያለ ይቀልድባታል። እኔም ቃል ያጠራት መስሎኝ ነበር። እየቆየሁ ሳየው ግን ሥራው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ምን ከምን አጠገብ እንደሚሆን መወሰን ነው።

አባባ ያረፉ ዕለት መርዶውን ሰምቼ ስልኩን ዘግቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ምን እንደሠራሁ ያወቅኩት አለቃችን በሩ ላይ ቆማ ወንበሮቹን ስታይ ነው። አዳራሽ ሙሉ ወንበር ጀርባውን ለመድረኩ ሰጥቼ ደርድሬዋለሁ። እንግዳ ሊገባ ነው። አልተቆጣችኝም። ካፖርቷን አውልቃ ከመጨረሻው ረድፍ አንድ በአንድ ማዞር ጀመረች፤ እኔም ከፊት ጀመርኩ፤ መሃል ላይ ተገናኘን። ለቀብሩ እንድመጣ ግን አሬንጅ ማድረግ እንዳልቻለች ነገረችኝ፤ በቦታዬ የሚሠራ አልተገኘም። ያን ቀን አላለቀስኩም፤ እስካሁንም እንባው አልመጣልኝም። በብርድ የደነዘዘ እጅ ዕቃ ይዞ ዕቃው እንደማይሰማው ዓይነት ነው።

እንግዲህ ስሚኝ። ሁለቱን ፊት ለፊት አታስቀምጫቸው። ባለፈው ወር ሁለት የንግድ ሸሪኮች ሊነጋገሩ መጥተው በጠባብ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ አስቀመጥናቸው። ድምፃቸው እስከ ዕቃ ቤት ይሰማ ነበር። ለሻይ ሲወጡ ሎጋው «ጠረጴዛውን እናንሳው፣ ሊማቱበት ነው» አለኝ። አነሳነውና ወንበሮቹን ጎን ለጎን አድርገን በመጠኑ ወደ መስኮቱ አዞርናቸው። ተመልሰው በዞሩት ወንበሮች ተቀመጡ። ይታረቁ አይታረቁ አላውቅም። ድምፃቸው ግን ዝቅ አለ።

ስለዚህ ያንን የሳሎኑን ባለ መስተዋት ጠረጴዛ ወደ ጓዳ አስገቢው። ወንድም ጋሼ ቀኝ ጆሮው ስለማይሰማ ማሙሽን በግራው አድርጊው። አለዚያ «ምን አልክ?» እያለ ሲጮህ ማሙሽ የተቆጣው ይመስለዋል። ማሙሽ ደግሞ ከበሩ ይራቅ፤ ጢም ቢያወጣም አኩርፎ መውጣት አልተወም።

ዋናው የአባባ ወንበር ነው። ባዶውን ከተውሽው ሁለቱም እሱን ሲያዩ ይውላሉ። ወንድም ጋሼ ቢቀመጥበት ቤቱን የወሰደ ይመስላል፤ ማሙሽ ቢቀመጥበት ወንድም ጋሼ ከደጅ ይመለሳል። እማዬ ትቀመጥበት። እምቢ ትላለች፤ እኔ እንዳልኩ ንገሪያት። ለእኔ ወንበር አታውጪ። ስልኩ ከእጅሽ ይሁን፤ ሲጠሩኝ እናገራለሁ።

ዛሬ ጠዋት አዳራሹ ሳይከፈት አራት ወንበር አውጥቼ እንደ ሳሎናችን ደረደርኳቸው። በወንድም ጋሼ ቦታ ተቀመጥኩ፤ በማሙሽም ቦታ፣ በአንቺም ቦታ ተቀመጥኩ። ከማሙሽ ቦታ እማዬ በደንብ አትታይም፤ የእሱን ወንበር ትንሽ አዙሪው። በአባባ ቦታ አልተቀመጥኩም። ሎጋው ገብቶ አየኝና «የማን ስብሰባ ነው?» አለኝ። የቤተሰብ ነው አልኩት። ወንበሮቹን መልሶ አነባበረልኝ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። መንትዮቹን በየጉንጫቸው ሳሚልኝ፤ የዚያን ቀን ጎረቤት ይዋሉ። ወንድም ጋሼን ናፍቄዋለሁ በይልኝ። ማሙሽንም እንደዚያው፤ ግን ለየብቻቸው ንገሪያቸው። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ወንበሩ ለአባባ ቁመት የተሠራ ነውና እግሯ መሬት አይደርስም፤ ተንጠልጥሎ ልጆቿ እንዳያዩት ከሥሩ መርገጫ አድርጊላት።

ታናሽ ወንድምሽ
ከአዳራሹ የኋላ ክፍል፣ የካቲት ፱ ቀን