ካውያህን ሸጬ የገዛሁት እቃ

ለባሌ ለዘውዱ፣

ከተለያየን አምስት ወር ከሦስት ሳምንት ሆነን። ለሞተ ሰው ሲጻፍ በለስላሳ ቃል ነው የሚጀመረው፤ ነፍስህን ይማር እልሃለሁ፣ ከልቤ ነው። ለስላሳው ግን እዚህ ላይ አለቀ። የምጽፍልህ ተናድጄ ነው፤ አርፈህ ስማኝ።

የማትወደውን አስቀድሜ ልንገርህና ይውጣልኝ። የሥራ እቃህን ሸጥኩት። የመበየጃ ካውያህን፣ ቴስተርህን፣ መለዋወጫ የሞላውን ሣጥን ሳይቀር፣ ባሕሪ ሰፈር ሱቅህ ጎን የሚሠራው ሱዳናዊ መጥቶ በአንድ ጠዋት በባለ ሦስት እግር ረክሻ ጭኖ ወሰደው። በገንዘቡ የዲጄ እቃ ገዛሁ። አዎ፣ ያንኑ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ «ታገሺ፣ እኔ ነኝ የምመርጥልሽ» ስትለኝ የከረምክበትን። ይቅርታ አልጠይቅህም።

ቤቱ እንደተውከው አይደለም። የካላክላው ቤታችን አከራይ፣ በቀብርህ ቀን ከእኔ በላይ ሲያለቅስ የነበረው ሰውዬ፣ በሦስተኛው ወር ኪራይ ጨመረብኝ። የውሃው በርሜል አሁንም ያፈስሳል። መብራት ሲጠፋ ይውላል። ሰዎች ደግሞ እስከ ዛሬ የተበላሸ ሬዲዮ ታቅፈው በር ያንኳኳሉ። ሞቷል ስላቸው «ኢና ሊላህ» ብለው ያዝናሉ፣ ከዚያ አንገታቸውን በእኔ ላይ አስግገው ወደ ውስጥ እያዩ «የእኔ ሬዲዮስ?» ይሉኛል። አንዲቱ እኔ የገደልኩህ ይመስል ተቆጥታኝ ሄደች። የሰው ሬዲዮ ሁሉ ሲናገር የራሳችን ሬዲዮ ሁለት ዓመት ዲዳ ሆኖ መደርደሪያ ላይ እንደኖረ ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለክብርህ ስል ነው።

ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት ትዝ ይልሃል? እኔ አስተናጋጅ ነበርኩ፣ አንተ አምፕሊፋየር ልትሠራ መጣህ፤ ሠርተህ ጨርሰህም አልሄድክም። ባለቤቷ ሙዚቃውን ለእኔ ትታልኝ ስለነበር ሳህን እያነሳሁ በስልክ ዘፈን እቀያይራለሁ። የትኛው ዘፈን ሰውን ሁለተኛ ሻይ እንደሚያሳዝዝ፣ የትኛው ሆዱን አባብቶ ሒሳብ አስከፍሎ እንደሚሸኘው አውቅ ነበር። ማንም ልብ አላለውም፣ ከአንተ በስተቀር። «ጆሮ አለሽ» አልከኝ። ቆንጆ ነሽ ያሉኝ ሞልተዋል፤ ጆሮ አለሽ ያለኝ አንተ ብቻ ነህ። በዚያች ቃል ነው ያገባሁህ፤ ሞኝ ነበርኩ።

ከሠርጋችን በኋላ ወንድምህ «የሙዚቃ ቤት ሴት» እንዳይለኝ ብለህ ሥራዬን አስተውከኝ። በምትኩ እቃ ልትገዛልኝ፣ እኔም ራሴን ችዬ ሠርግ ላይ ልሠራ ተስማማን። በመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ የለም ተባለ። በሁለተኛው ገንዘብ ነበረ፤ ጥሩ እቃ አልገባም አልከኝ። ከዚያ እቃ ገባ፣ አንተ ጊዜ አጣህ። «ያለ አዋቂ የሚገዛ ሰው ይበላል» እያልክ ታስፈራራኝ ነበር። አዋቂው አንተው ነበርክ፤ አንድ ቀን እንኳ ይዘኸኝ ገበያ አልወጣህም።

የሞትከውም በዚሁ አመልህ ነው። ደረቴን ወጋኝ ብለህ ከባሕሪ በጊዜ የመጣህ ዕለት፣ ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ጫማህን እግርህ ሥር አስቀመጥኩልህ። «ቡክራ፣ ኢንሻአላህ» አልከኝ። ነገ ማለትን በሁለት ቋንቋ አሳምረህ ትችልበት ነበር። ለነገ አልደረስክም። ይህን ይቅር ልልህ እሞክራለሁ፤ እስካሁን አልሆነልኝም።

አርባህ እንደወጣ ወንድምህ መኮንን መጣ። ታላቅህ ነው ብዬ ተነሥቼ ተቀበልኩት። ቁጭ ብሎ ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛው፣ የሥራ እቃህ የወንድ እቃ ስለሆነ ለእሱ ይገባዋል። መኮንን አምፖል መቀየር እንኳ እንደማይችል አንተም ታውቃለህ። ሁለተኛው፣ ለእኔ አዳሪ የቤት ሠራተኛ የሚፈልጉ ሰዎች አግኝቷል፤ «ደጋግ ናቸው፣ ኸላስ ጨርሻለሁ» አለኝ። አዳሪ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ካንተ የተሰወረ አይደለም። ካርቱም ስገባ የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት በሰው ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ፣ በሽንኩርት ጆንያ መካከል ነው ያደርኩት፣ ፓስፖርቴን ቆልፈውብኝ። ስታገባኝ ወደዚያ እንደማልመለስ ምለህልኛል። አንተ ሞተህ መሐላህን ብታፈርስም እኔ አላፈርሰውም አልኩ። ለመኮንን «ላስብበት ጋሼ» አልኩት፤ በማግሥቱ ሱዳናዊውን ጠራሁት።

ከዚያ ወዲያ የሠራሁትን ስትሰማ ትስቅብኛለህ። ሳቅ። መሀል ከተማ ወዳለው የኤሌክትሮኒክስ ገበያ ብቻዬን ሄድኩ። «መብራቱን አትይ፣ ሰው የሚጨፍረው በድምፅ ነው፤ መጀመሪያ ስፒከር» ትለኝ የነበረውን በመንገድ ሁሉ ሳስታውስ ነው የሄድኩት። ሱቅ ውስጥ ስገባ ረሳሁት። ሻጩ ሁለት ትልልቅ ክብ ሰሌዳ ያለው፣ ቀይ ሰማያዊ የሚያበራ እቃ አወጣልኝ። በእጄ ዳሰስኩት። «ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ዋላሂ ምንም አይጎድለውም» አለኝ። የዲጄ እቃ ዓይነቱ ብዙ እንደሆነ፣ አንዱ ፍላሽ ሲሰኩለት ብቻውን የሚጫወት፣ ሌላው ላፕቶፕ ከሌለው ትንፍሽ የማይል መሆኑን ማን ይንገረኝ? የሚነግረኝ ሰው አፈር ውስጥ ነበር። ያለኝን ሁሉ አራግፌ ገዛሁት።

ቤት አምጥቼ ሰካሁት። መብራቱ አበራ፤ ድምፅ የለም። ገመድ ስነቅል ስሰካ ዋልኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ካውያው ሄዷል፣ ዘፈን የለም፣ የአዳሪነቱ ቤት ደግሞ ይጠብቀኛል። ከቀብርህ ወዲህ ጮክ ብዬ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው። ስምህን እየጠራሁ የሰደብኩህም ያን ቀን ነው። ብትሰማኝ ኖሮ ትጣላኝ ነበር፤ መጣላቱም ቢሆን ናፍቆኛል።

ያዳነችኝ ኡም ሐሰን ናት፣ መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጠው ጎረቤታችን። ሻጩ «የተሸጠ አይመለስም» ሲለኝ የራሷን በርጩማ ይዛ ከእኔ ጋር ሄደች። ሱቁ በር ላይ ተቀመጠች። ደንበኛ ሊገባ ሲል «ያ ጀማዓ፣ እናንተ ሰዎች፣ ይሄ ሰው ባሏ የሞተባትን ሴት ጉሩሽ፣ ገንዘቧን በልቷል» ትላለች። ሌላ ሲመጣ ትደግመዋለች። ሻጩ ሳቀ፣ ቆየት ብሎ ተቆጣ፣ ከቀትር በፊት ተሸነፈ። ገንዘቡን አልመለሰም፤ እቃ ለወጠልን። ጠርዙ የተቧጨረ፣ ያገለገለ፣ መብራት የሚባል የሌለው፣ ፍላሽ የሚቀበል ማጫወቻ ከነሚክሰሩ፣ ሁለት ስፒከርም ጨመረበት። መልኩ አያምርም። ግን ይናገራል።

የመጀመሪያውን ሥራም ያመጣችው እሷ ናት፤ የእህቷ ልጅ፣ ከሠርጓ በፊት ያለው የሒና ቀን ነበር። ሴቶች ብቻ የሚጨፍሩበት ሐፍላ ስለሆነ ወንድ ዲጄ አይገባበትም፤ እኔን የፈለጉኝም ለዚህ ነው። ስሄድ ጥቁሬን እንደለበስኩ ነው። የሙሽራዋ እናት በር ላይ አየችኝና መንገዴን ዘጋች፤ «በሐዘን ልብስ ልጄ ላይ ልትገቢባት?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም፤ በእኛም አገር ቢሆን ያው ነው። እዚያው በረንዳው ጥግ ጥቁሩን ቀሚስ አወለቅሁ፤ ኡም ሐሰን የራሷን ቢጫ መጎናጸፊያ፣ ቶቧን፣ ጠቀለለችብኝ። ዓመትህ ሳይደርስ፣ ዘውዱ። ለአባቴ እንኳ ዓመት ሙሉ ጠብቄያለሁ።

ይህም አልበቃኝም። እቃው ላይ ሁለት ዘፈን በራሱ የሚያገጣጥም ቁልፍ አለ፣ ጀማሪን ያግዛል የሚባል። ለፈረንጅ ዘፈን ያግዝ ይሆናል። የእኛን ችክችካ ግን መቁጠር አያውቅበትም፤ የሱዳኖቹንም ምት እንዲሁ። ቤት ውስጥ መብራት እየጠፋብኝ በደንብ ስላልሞከርኩት ይህን ያወቅሁት በሰው ፊት ነው። የሱዳን ዘፈን እየሄደ የእኛን ልጨምርበት ቁልፉን ተጫንኩት፤ ሁለቱ እንደ ፍየል ተዋጉ። ጭፈራው ቆመ። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ፤ አንዷ ጆሮዋን ያዘች። የሽንኩርቱ ጆንያ ዓይኔ ላይ መጣ፣ እውነቴን ነው፣ ሽታው ሳይቀር።

ቁልፉን አጠፋሁት። የጆሮ ማዳመጫውን በአንድ ጆሮዬ ይዤ በትከሻዬ መቁጠር ጀመርኩ። እቃው ያልቻለውን ትከሻዬ ቻለ። ሁለተኛውን ዘፈን ቀስ ብዬ ሳስገባው ማንም አልነቃም፤ ሲነቁ እየጨፈሩበት ነው። ሦስተኛው ላይ የሙሽራዋ እናት ራሷ ተነሥታ እልል አለች። ሐፍላው አልቆ ስወጣ ሁለት ሴቶች ስልኬን ጠየቁኝ። ሚኒባስ ውስጥ ስፒከሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ስመጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስ ስላለኝም አንተን ጠላሁህ፤ ይህን ቀን ስድስት ዓመት ነው ያዘገየህብኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። የሚቀጥለው እሑድ መንፈቅህ ነው። በዚያው ቀን ካርቱም ሁለት ሰፈር አንድ የሐበሻ ሠርግ ተይዞልኛል፤ ከሒና ቀን ያለፈ፣ የመጀመሪያዬ ትልቅ ሥራ። እምቢ ካልኩ ሁለተኛ የሚጠራኝ የለም፤ የምከፍለው ኪራይም የለኝም። መኮንን ሰምቶ መጣ። መጀመሪያ ስለ ነውር ተናገረ፤ ባሏ ሳይበሰብስ ታስጨፍራለች ይሉናል አለ። ቀጥሎ ወደ ሆዱ ነገር ገባ፤ ካልተውሽው እንግዲያው ገንዘቡን እኔ ልያዝልሽ አለኝ። በጅብ ቆዳ የተሠራ ከበሮ ድምፁ እንብላው እንብላው ነው። እምቢ ብል በተዝካሩ ላይ በካህናቱ ፊት «ከዛሬ ጀምሮ ዘመዳችን አይደለችም» ሊለኝ ዛተ። ስድስት ዓመት አንቱ ስለው የኖርኩትን ሰው ያን ጊዜ አንተ አልኩት። «ውጣ ከቤቴ» ነው ያልኩት። ወጣ። በሩን ከኋላው ቆለፍኩት።

እንግዲህ እሑድን እንዲህ አደርገዋለሁ። ጠዋት አስቀድሳለሁ፤ ስምህን አስጠርቼ ደጅ ላሉት ነዳያን ዳቦ እሰጣለሁ። ድግሱን መኮንን ከፈለገ በራሱ ቤት ይደግሰው። ከዘመድነትም ከፈለገ ይፋቀኝ። ከሰዓት ሥራ አለኝ።

ሰዎች ደግ ነበር ይሉሃል። እኔም እላለሁ፤ ነበርክና። አብሬ ግን ግትርነትህንም፣ ያዘገየህብኝንም እይዛለሁ። ደግነትህን ብቻ የሚያስታውሱልህ ሌሎች አሉ። እኔ ሚስትህ ነኝ፤ አልረሳህም፤ የማስታውስህም ሙሉህን ነው። ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርህ፦ እቃውን አንተ መርጠህልኝ ቢሆን በጣም የተሻለ ይሆን ነበር። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው።

የሞተ ሰው በመንፈቁ ወደ ቤቱ ይመጣ እንደሆነ አላውቅም። የምትመጣ ከሆነ ካላክላ ድረስ አትድከም፤ የለሁም። ካርቱም ሁለት ና። በር ላይ አትቁም፣ ግባና ቦታ ፈልገህ ተቀመጥ፤ ብትፈልግም ጨፍር። ወደ እኔ መጥተህ ግን አንድም ቁልፍ እንዳትነካብኝ።

ሚስትህ ጥሩነሽ