የአክስቴን እንባ ይመልሱልን

ለክቡር የፊልም ድርጅቱ ባለቤት፣ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ደራሲ፣ አዘጋጅ፣ መሪ ተዋናይና የማጀቢያው ዘፈን ድምፃዊ (ስድስቱም እርስዎ ስለሆኑ አንድ ፖስታ በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ)፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ፊልምዎን እስከ መጨረሻው ተቀምጠው ላዩ ሁሉ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ለተመልካቾቹ ጤና የምመኘው ለጨዋነት ያህል ብቻ አይደለም፤ ከአዳራሹ ሲወጡ ብዙዎቹ ራሳቸውን ይዘው ስላየኋቸው ነው። የፊልሙን ስም በዚህ ደብዳቤ ላይ አልጠራም፤ እንደ ሌላ ማስታወቂያ እንዳይቆጠርብኝ እሰጋለሁ።

እርስዎ እኔን አያውቁኝም። በአክስቴ የልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ የምተክልና ጠርዝ የምዘመዝም ሴት ነኝ። አክስቴን ግን ከተማው ሁሉ ያውቃታል፤ ሳያስፈቅዱ ፊቷን በየአደባባዩ የሰቀሉት እርስዎ ነዎትና። በማስታወቂያዎ ላይ «ከተመልካቾች አንዷ» የተባለችው እሷ ናት።

በሰፈራችን ግን «እትዬ ሚዛን» ትባላለች። ስሙ የወጣላት ያላየችውን የማታወራ፣ ያየችውንም የማታሳምር ሴት ስለሆነች ነው። በገዛ እጇ የሰፋችውን ቀሚስ እንኳ ሙሽራዋ ለብሳ መስተዋት ፊት ስትቆም፣ ካልሆነላት «አላማረብሽም፣ አውልቂው» ብላ ከሥሩ ተርትራ እንደገና ትሰፋዋለች። ስለዚህ «አማረብሽ» ያለች ቀን ነገሩ ያለቀለት ነው። ጎረቤቶቻችን የሚገዙትን ሶፋ፣ የሚከራዩትን ቤት፣ አንዳንዴም ልጃቸውን ለማግባት የጠየቀውን ሰው ሳይቀር ያሳዩዋታል። አንዱን እጩ ሙሽራ ተነስቶ እንዲዞር አዝዛው ሲዞር በዓይኔ አይቻለሁ። ሌላ ሀብት የላትም፤ ያላት ቃሏ ነው።

አሁን ፊቷ ግድግዳዎ ላይ እንዴት እንደወጣ ላስታውስዎ። ያን ዕለት የዓይን ሐኪሟ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ጨምሮባት፣ የዓይን ሞራዋ ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልገው ነግሯት፣ ጠብታው እስኪለቃት ከብርሃን እንድትርቅ አስጠንቅቆ ላካት። ቀትር ስለነበር ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ካለው ሲኒማ ቤት የተሻለ ጨለማ ቦታ አላገኘንም። ትኬት የቆረጥነው ለጥላው ነው። እሷ ዓይኗን ጨፍና እንቅልፏን ስትለጥጠው፣ ፊልሙን አይቼ የጨረስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ስንወጣ ፀሐዩ ዓይኗን መታትና እንባዋ ይወርድ ጀመር። ማይክሮፎን የያዘው ሠራተኛዎ ከየት መጣ ሳይባል ፊቷ ተደቅኖ «እናቴ፣ ፊልሙን እንዴት አገኙት?» አላት። «ልጄ፣ እኔ ምንም አላየሁም፤ ዓይኔን አሞኝ ነው፤ ይኸው እንባዬ አልቆም አለ» አለችው። ብዙም ሳይቆይ ፊቷ ፎቅ አክሎ በሲኒማ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ከሥሩም «እንባዬ አልቆም አለ!» ተብሎ ተጻፈ። የቀረውን ንግግሯን የት እንዳደረሳችሁት አልጠይቅም። ቃለ አጋኖውን ግን ከየት አመጣችሁት? አክስቴ ቃለ አጋኖ ተጠቅማ አታውቅም።

ቅሬታዎቼ በቅደም ተከተል እነሆ፤

አንደኛ፣ ስለ ፊልሙ። ክቡርነትዎ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆነው ሲተውኑ፣ አስተማሪዎ የሆነው ወጣት ልጅዎ ሊሆን በሚችል ዕድሜ ላይ መሆኑ ትምህርትን ዕድሜ እንደማይገድበው አስተምሮናልና እናመሰግናለን። ዝናቡ በእርስዎና በፍቅረኛዎ ላይ ብቻ ሲወርድ ከኋላችሁ የሚያልፈው ሰውዬ ከጫማው ላይ አቧራ ማራገፉም ደንቆናል። ተዋናዮቹ ማዘን ሳይጀምሩ ሙዚቃው ቀድሞ ማልቀሱን እንደ ደግነት ቆጥረንለታል፤ አለበለዚያ የት ቦታ ማዘን እንዳለብን በምን እናውቅ ነበር? በፊልሙ ውስጥ ያለችው ዓይነ ስውር ልጅ ገና ዓይኗ ሳይበራ የእጅ ሰዓቷን አይታ «መሽቷል» ማለቷን ግን እስከ ዛሬ ላስታርቀው አልቻልኩም። በመጨረሻ በዘፈንዎ ኃይል ዓይኗ ሲበራ፣ ያን ጉድ ዘፈን ሰምታ፣ መጀመሪያም ያየችው የእርስዎን ፊት ሆኖ ሳለ፣ በደስታ መጮኋ የትወና ብቃቷን ያሳያል። ፊት ለፊት ያሉት የዓይን ሐኪሞች እንዲህ ያለ መድኃኒት መንገድ ተሻግሮ እያለ በቀዶ ጥገና መድከማቸው ያሳዝናል።

ሁለተኛ፣ ስለ ማስታወቂያው። «በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ» ብላችኋል፤ ያለፈውም ፊልማችሁ፣ ከዚያ በፊት የነበረውም እንደዚያው ተብሎ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። ፊልሙ ውስጥ የነበረው ደህና ደህናው ሁሉ ማስታወቂያው ላይ አልቆ ስለነበር፣ ለትኬት የቀረልን ትርፍራፊው ነው። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ አለ። ሰፈራችን አንዴ ተታሎ ከተመለሰ ወዲህ፣ እውነተኛ ሥራ የሠሩ ልጆች ፊልማቸውን ይዘው ሲመጡ «አወቅነው፣ ያው ነው» እያለ በራቸውን አልፎ ይሄዳል። እነሱ ባዶ ወንበር ሲቆጥሩ እርስዎ የሽልማት ንግግር ይለማመዳሉ።

ሦስተኛ። ይህን ስጽፍ ጨዋነቴ ትንሽ ቢጎድል ይታገሱኝ።

ሰፈሩ የአክስቴን ፊት ግድግዳ ላይ ባየ ጊዜ «እትዬ ሚዛን ካለቀሰችለትማ!» ብሎ ተንጋግቶ ሄደ። ጎረቤታችን አናጢው ሚስቱን፣ ሚስቱ እናቷን፣ እናቷ ጎረቤቶቿን አስከትለው ሄዱ። ሲመለሱ ማንም ደፍሮ አልተቆጣትም፤ ቢቆጧት ይሻል ነበር። አናጢው በስፌት ቤቱ በር ሲያልፍ እንደ ወትሮው ቆሞ ሰላም ማለቱን ትቶ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ማለፍ ጀመረ። አክስቴ ስለ ጠብታው ለማስረዳት ብትሞክርም፣ በየቴሌቪዥን ጣቢያው ቀኑን ሙሉ የሚለፈፍ ማስታወቂያ ካንዲት ሴት ድምፅ ይበልጣል።

ከዚያ አንዲት ሙሽራ ከእናቷ ጋር ለመጨረሻ ልክ መጣች። አክስቴ ዓይኗን አጥብባ፣ ጨርቁን በጣቶቿ እየዳሰሰች፣ ዙሪያዋን ሁለቴ ዞራ «አማረብሽ» አለቻት። እውነቷን ነበር፤ እኔም አይቻለሁ። ሙሽራዋ ግን ዘወር ብላ እናቷን አየች፤ እናቷም በዝግታ «ለፊልሙም እንዲህ ብለሽ ነበር እኮ፣ እህቴ» አለች። ቀሚሱን ለሌላ ሰፊ አሳይተው ሊመለሱ ይዘውት ወጡ።

አክስቴ መቀሷን መሳቢያ ውስጥ ከታ ዘጋችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም «እንዴት ነው?» ቢላት መልሷ «እናንተ እንዳያችሁት» ብቻ ሆነ። እኔን ያሳደገችኝ፣ ስዋሽ በዓይኗ ብቻ የምታርመኝ ሴት በገዛ ቤቷ ፍርድ መስጠት ፈራች። እሷም መቀስ ትይዛለች፣ እናንተም መቀስ ትይዛላችሁ፤ እሷ የምትቆርጠው ሰው እንዲያምርበት ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ፤ ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ እኔ ጸሎቱን ትቼ ቂሙን ይዣለሁ።

ይህንኑ ለማስረዳት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። በተቀበለኝ ለስላሳ ወንበርና ባስጠበቁኝ ረጅም ሰዓት ተደስቻለሁ። ጸሐፊዎ «እንደውም ታወቁ አይደል፣ ምን ከፋቸው?» ካሉኝ በኋላ የእርስዎ ፊርማ ያረፈበት ፎቶግራፍ ሰጥተውኛል። ስፌት ቤታችን ውስጥ የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ስለነበረ ከአንዱ እግሩ ሥር አድርገነው፣ ጠረጴዛው ዛሬ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከእርስዎ ሥራዎች ሁሉ የጠቀመን እሱ ነው።

በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው፣ በራሷ አሳጠረች አለ ይባላል። ገመዱን ያሳጠሩት እርስዎ ራስዎ ነዎት። የፊልሙ ክፍል ሁለት በሚመረቅበት ዕለት አክስቴ በፊተኛው ረድፍ እንድትቀመጥ፣ መሐረብም ይዛ እንድትመጣ፣ ስትወጣም ስሜቷን በቴሌቪዥን በቀጥታ ስርጭት እንድትገልጽ ጋብዘዋታል። ግብዣውን በታላቅ አክብሮት ተቀብለናል። በተለይ «በቀጥታ» የሚለውን ቃል ወደነዋል፤ በቀጥታ ስርጭት ላይ መቀስ የለማ።

ብቻዋን አትመጣም። አናጢው፣ ሚስቱ፣ አማቱና የቀረነው የሰፈሩ ሰዎች ከኋላዋ ያለውን ረድፍ ይዘናል። እንዳይሰጉ፣ አንጮህም፣ አናፏጭም፤ አክስቴ ከልክላናለች። ዝም ብለን እስከ መጨረሻው እናያለን፤ ስንወጣም ማይክሮፎኑ ፊት በተራ ቆመን እያንዳንዳችን ያየነውን እንናገራለን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

የእርስዎን ትልቅነት ለመለካት ሜትር ያጠራት፣ ለስድስቱም ማዕረጎችዎ ስድስት ጊዜ እጅ የምትነሳ፣ ቂሟን እንደ አዲስ ጨርቅ አጥፋ የያዘች፤

የእትዬ ሚዛን የእህት ልጅ፣
ቁልፍ ተካይና ጠርዝ ዘምዛሚ

ማስታወሻ፦ ልዘነጋው ነበር። የአክስቴ ቀዶ ጥገና ያለ ዘፈን ተሳክቷል። ሐኪሙ ፋሻውን ሲፈታላት መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው፤ ቀጥሎ በመስኮቱ በኩል ከመንገዱ ማዶ ግድግዳዎ ላይ የተሰቀለችውን አልቃሻ ሴት አየች። ፊቱን ከላይ እስከ ታች፣ ጽሑፉን እስከ ቃለ አጋኖው አየችው። ከዚያ መቀሷን ከከተተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርዷን ሰጠች፦ «አላማረብኝም፣ አውልቁት።» ለምረቃው ዕለት ንጹሕ ዓይን እንጂ መሐረብ አንይዝም።