“ሁለቴ አዳማጭ” የተባለው ሰው አልሞተም

ለክቡር ዶክተር ሆሊስ ቴምፕል
የኦክፎርድ ከተማ የቅርስና የመታሰቢያ ቦርድ ሊቀ መንበር፣ የጥርስ ሐኪም፣ በየዓመቱም በነሐሴ ወር ለሁለት ቀን የሴኔካ ሕዝብ አለቃ

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ ጭቃ አንሸራትቶዎት ለተሰበረው ክንድዎም ፈጥኖ መጠገንን እየተመኘሁ፣ ከኮረብታው ማዶ ካለችው መንደራችን የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛ ደኅና ነን፤ በቆሎው ዘንድሮ አላሳፈረንም፣ ወንዙም ከዳርቻው አልወጣም።

ስሜ ማርሊታ ሰንዳውን ይባላል። ላያስታውሱኝ ይችላሉ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስነዳ ሁለቱን ልጆችዎን ጠዋት ከደጅዎ ወስጄ ከሰዓት በኋላ ስመልስ ኖሬአለሁ፤ አንድም ቀን አልጠፉብኝም። ከአውቶቡሱ ሌላ የነበረኝ፣ ዛሬም ያልለቀቅሁት ሥራ የተኩላ ጎሳ እናትነት ነው። ይህ ሥራ በአብዛኛው ስም መጠበቅ ነው። በእኛ በነባሮቹ በሴኔካዎች ዘንድ ስም የጎሳው እንጂ የሰውየው አይደለም፤ ሰው ሲሞት ስሙን ሴቶቹ ከአንገቱ አውልቀው ያስቀምጡታል፣ ሊሸከመው የሚችል ሲገኝም “ረጅሙ ቤት” በምንለው አዳራሻችን በተሰበሰበው ጉባኤ ፊት በዚያ ሰው አንገት ያጠልቁታል። እናንተ በከተማው አደባባይ ሐውልት ያቆማችሁለት “ሁለቴ አዳማጭ” የሚለው ስም ከእነዚህ አንዱ ነው። በእኛ ቋንቋ እንዴት እንደሚባል እዚህ አልጽፈውም፤ ነገ እሱንም ታስመዘግቡታላችሁ ብዬ ሠጋሁ።

ያ ታላቅ ሰው በእናንተ አቆጣጠር በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት፣ ነገሥታትና ጄኔራሎች በምድራችን ላይ ሲናጩ፣ በእግሩ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው እየተመላለሰ ስለ ሕዝቡ ይከራከር ነበር። ልማዱ አንድ ነበር፤ ተከራካሪው የተናገረውን ቃል በቃል መልሶ ካላሰማውና “አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው” ካላሰኘው በቀር የራሱን መልስ አይሰጥም። ከእሱ በኋላ ስድስት ሰዎች ስሙን ለብሰው አውልቀዋል። የዛሬ ስምንት ዓመት፣ በመንፈቀ ክረምቱ በዓል፣ ሰባተኛው አንገት ላይ ያጠለቅሁት እኔ ራሴ ነኝ። አንገቱ የእኅቴ ልጅ የዴልበርት ነው፤ በእኛ ልማድ የእኅቴ ልጅ ልጄ ነውና እኔንም “እማዬ” ነው የሚለኝ። ዴልበርት ከሂኮሪ እንጨት ላክሮስ የሚባለው የኳስ ጨዋታችን መጫወቻ ዱላ ይሠራል። እንጨቱን በእንፋሎት አለስልሶ ያጥፈዋል፣ ጫፉ ላይ መረብ ይጠልፍበታል፣ በመንገዱ ዳርም “ሁለቴ አዳማጭ፦ ዱላ ይሠራል፣ ይጠግናል” የሚል ሰሌዳ ነበረው።

አሁን በታላቅ ትሕትና ወደ አቤቱታዬ እገባለሁ።

አንደኛ። ባለፈው መጋቢት፣ ቦርድዎ በወፍራም ወረቀት የተጻፈና ሁለት ማኅተም የተረገጠበት ደብዳቤ ለዴልበርት ስለላከለት አመሰግናለሁ፤ ለመንደራችን ሰው ይህን ያህል ጥሩ ወረቀት ወጪ ሲደረግ አይቼ አላውቅም። ደብዳቤው እንደሚለው የ“ሁለቴ አዳማጭ” ስምና ምስል ከስድስት ዓመት ወዲህ በሕግ የተመዘገበ የቦርዱ ንብረት ሲሆን፣ ዴልበርት ስሙን “ያለ ፈቃድ መጠቀሙን” በሠላሳ ቀን ውስጥ እንዲያቆም ታዟል። ልጄ ይህን ሲያነብ በእንፋሎት ሣጥኑ ውስጥ አራት ዱላ ነበረው፤ ረስቷቸው አራቱም ሲያጥፋቸው ተሰነጠቁ። ወረቀቱን ይዞ እኔ ዘንድ መጣ።

“እማዬ፣ ስም ሰርቀሃል ይሉኛል” አለኝ።

“ከማን?”

“እንጃ። ከራሴ መሰለኝ።”

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ቦርዱ ግን ማንንም እንዳልናቀ አምናለሁ፤ ባለቤት መኖሩን ባያውቅ ነው። ስሙ የወጣለት ጎልፍ ሜዳ፣ ስሙ የወጣለት የዕቃ ማከማቻ መጋዘንና ስሙ የተለጠፈበት የፖም ጭማቂ ባለበት ከተማ፣ ስሙ የወጣለት ሰው ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?

ሁለተኛ። በሚያዝያ ወር ልጄን ይዤ ቢሯችሁ ድረስ መጣሁ። ጸሐፊዎ ወይዘሪት ላኔት ስላሳየችን መስተንግዶ ምስጋናዬ ይድረሳት፤ ከልቤ ነው፣ ትሑት ልጅ ናት፣ እሷንም በአውቶቡሴ አመላልሻታለሁ። የስም መጠቀሚያ ፈቃድ ማመልከቻ ቅጽ ሰጠችን። ስሙ የሚያርፍበትን ዕቃ ምረጡ ይላል፤ ኩባያ፣ ሸሚዝ፣ ምግብና መጠጥ፣ ሌላ። ዴልበርት “ሌላ” በሚለው ፊት “ሰው” ብሎ ጻፈ።

“ለምን አገልግሎት?” አለችው።

“ለመጠራት።”

“ስንት ቅጂ ይዘጋጅ ልበል?”

“እስካሁን አንድ ነኝ” አላት።

ልጅቱ ልትስቅ ስትል የእርስዎን በር አየችና ተወችው። ከዚያም ፈቃዱ በነፃ የሚሰጠው ለታላቁ ሰው ዘሮች ብቻ መሆኑን፣ ዘርነቱም ከአባት ወደ ልጅ ተቆጥሮ መረጋገጥ እንዳለበት በአዘኔታ ነገረችን። እኛ በእናት ነው የምንቆጥረው ብላት የእናት መሙያ ቦታ ፈለገች፤ ቅጹ ላይ የለም። የተረጋገጠላቸው ዘሮች ዝርዝር ግን ከኋላዋ ግድግዳ ላይ በመስተዋት ውስጥ ተሰቅሏል፤ የመጀመሪያው ስም የእርስዎ ነው። ቅድመ አያትዎ የታላቁ ሰው የነበረውን የፖም ማሳ፣ ባለቤቶቹ ለአደን በሄዱበት ወር፣ አጥር አጥረው እንደወረሱት በመንደራችን የታወቀ ነው። ስለዚህ እርስዎ ወራሽ መሆንዎን አልክድም። “ወራሽ” ደግ ቃል ነው፤ የተሰጠውንም የቀማውንም እኩል ይሸከማል።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር መቀጠል አቅቶኛል፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ዴልበርት ከቢሯችሁ እንደተመለሰ ሰሌዳውን ነቅሎ ጎተራ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አቆመው። ይህስ ሰሌዳ ብቻ ነው። በሰኔ ግን ጉባኤው ረጅሙ ቤት ተቀመጠ፣ አፈ ጉባኤውም በልማዱ የአለቃነት ወንበር ያላቸውን ሰዎች በየስማቸው ጠራ። “ሁለቴ አዳማጭ” አለ። ልጄ አልተነሣም። ደግሞ ጠራው። ዴልበርት ጉልበቱን እያየ እንደተቀመጠ ቀረ። ያ ስም በሁለት መቶ ሠላሳ ዓመት ውስጥ በጦርነት፣ በረሃብና በፈንጣጣ ዘመን ሲጠራ “አለሁ” ያላለበት ጉባኤ እንዳለ አልሰማሁም።

ስንመለስ በመኪና ውስጥ ለምን እንዳልተነሣ ጠየቅሁት።

“ደብዳቤው እውነት ቢሆንስ?” አለኝ። “እሱ ሲናገር ጄኔራል ቆሞ ይሰማው ነበር። እኔ እንጨት አጣፊ ነኝ። ምናልባት ስሙ ለሐውልቱ ነው የሚያምረው።”

“ሐውልቱ ሲጠራ ይነሣል?” አልኩት።

“እኔም አልተነሣሁም፣ እማዬ።”

ክቡርነትዎ፣ ከቦርድዎ ሥራ ሁሉ ይህን አንዱን ያለ ፌዝ ልንገርዎት፤ ጎልፍ ሜዳው አላሳዘነኝም፣ ጭማቂውንም ጠጥቼዋለሁ፣ ደኅና ነው። የአርባ ዓመት ሰው የገዛ ስሙን ሰምቶ ሲያቀረቅር ግን አይቻለሁ፣ ያደረጋችሁትም በአንድ ገጽ ወረቀት ነው።

በነሐሴ የ“ሁለቴ አዳማጭ ቀን” ሲደርስ፣ “ተነሥ፣ ስምህ ያለ አንተ እንዴት እንደሚውል እንይ” ብዬ ልጄን ይዤው መጣሁ። መድረኩ ስር ነበርን። እርስዎም እንደ ወትሮው እስከ ተረከዝዎ የሚወርድ የላባ ዘውድ ደፍተው ወጡ። ይህ ዘውድ ከእኛ ወደ ምዕራብ የሃያ ቀን መንገድ ርቀው የሚኖሩ ሕዝቦች ክብር ነው፤ እነሱም ቢያዩዎት ያመሰግኑዎት እንደነበር አልጠራጠርም። ከዚያ ሕፃናቱ ሁሉ በቃላቸው የሚያውቁትን፣ “ይህችን ሸለቆ በደስተኛ ልብ ለወንድሞቻችን ሰጠናት” የሚለውን የአለቃውን ንግግር ጀመሩ። “ወንድሞቼ ሆይ፣ ስሙኝ” ብለው ቆሙ። ደግመው “ስሙኝ” አሉ። ሕዝቡም ጆሮውን ሰጠ፤ የሚሰማ ነገር ግን አልነበረም። ወረቀቱን ለመገልበጥ ሲሉ የታሰረው ክንድዎ እምቢ አለ፣ ነፋሱም ወረቀቱን ወስዶ የቆሎ ሻጩ ድንኳን ላይ ጣለው።

ያን ጊዜ ዴልበርት ከአጠገቤ ተነሣ። እርስዎን ለማሳፈር እንዳይመስልዎ፤ ተናጋሪ ቃል ሲጠፋው ማቀበል እኛ ዘንድ ጨዋነት ነው። ስሙን የሚሸከም ሰው የታላቁ ሰው ቃል የተጠለፈበትን የዛጎል መቀነት በጣቱ እየዳሰሰ ትክክለኛውን ንግግር ካላጠና ስሙ አይሰጠውምና፣ ልጄ የአያቶቹን ቃል መጀመሪያ በእኛ ቋንቋ፣ ቀጥሎም በእናንተ ተናገረ፦

“ተቀመጡ አልናችሁ እንጂ ውሰዱ አላልናችሁም። ጥላውን አካፈልናችሁ እንጂ ዛፉን አልሰጠናችሁም። አሁን ያልኩትን መልሳችሁ ንገሩኝ፤ እኔም የእናንተን መልሼ እነግራችኋለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።”

መልሶ የነገረው ግን የለም። ሁለት መቶ የሚሆን ሰው አጨበጨበለት።

እርስዎም ከመድረኩ ወርደው በደኅናው እጅዎ ጨበጡት፤ የተነጋገራችሁትን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

“ግሩም ነው፣ ወንድሜ። የት ነው የተለማመድከው?”

“ረጅሙ ቤት።”

“የቲያትር ክበብ ነው?”

“አንዳንድ ጊዜ” አለዎት ልጄ።

“ለሚመጣው ዓመት ተጠባባቂ እንፈልጋለን። እኔ ካልቻልኩ አንተ አለቃውን ትሆናለህ። ላባው ከእኛ ነው፤ አንተ የፈቃዱን ቅጽ ብቻ ሙላ።”

ዴልበርት እናቱ እንዳሳደገችው “አስቤ አሳውቅዎታለሁ” ብሎ ተሰናበተዎት። ከከተማው ወጥተን ድልድዩ ጋ ስንደርስ መኪናውን ዳር ያዘና መሪው ላይ ተደፍቶ ይስቅ ጀመር። “እማዬ፣ ለራሴ ተጠባባቂ ሆኜ ተቀጠርኩ” ይላል፣ እንባውን ይጠርጋል፣ ደግሞ ይስቃል። ከመጋቢት ወዲህ ሲስቅ መስማቴ ነበር። ለዚህ ባለውለታዎ ነኝ፤ ይህ ምስጋና በውስጡ እሾህ የለበትም።

በእሸት በዓል ማግሥት ጉባኤው ተቀመጠ። አፈ ጉባኤው ስሙን ሳይጨርስ ልጄ ቆሞ ነበር። የተነሣው ጉዳይ የውኃ ጉድጓድ ነበርና አንድ ቁጡ ሽማግሌ ሐሳቡን ተቃወመው። ዴልበርትም መልስ ከመስጠቱ በፊት የሽማግሌውን ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መልሶ ነገረው። ሽማግሌውም፣ “ያልኩት ይህንን ነው፤ ከእኔ ይልቅ አሳምረህ አልከው እንጂ” አለ። ጉድጓዱ ይቆፈራል። ሰሌዳውም በማግሥቱ ወደ መንገዱ ዳር ተመልሷል፤ ፊደሎቹን አጉልተናቸዋል፣ ከጎልፍ ሜዳው ሆነው እንዲያነቡት ብለን።

ስለ ተጠባባቂነቱ መልስ መስጠት የእኔ ፈንታ ነው። ልጄ ግብዣውን በአክብሮት አልተቀበለም፤ አለቃነቱ ዓመቱን ሙሉ ስለሆነ ለሁለት ቀን መውረድ አልተመቸውም። የእርስዎን በተመለከተ ደግሞ፣ ስማችንን ለብሰው ቆመዋልና ሕጋችን ይመለከትዎታል። ሕጉ የሚለው፣ ስሙን ያለ አግባብ የያዘን ሰው የጎሳ እናት ሦስት ጊዜ ታስጠነቅቀዋለች፤ በሦስተኛው ካልሰማ የአለቃነቱን የአጋዘን ቀንድ ሴቶች ከራሱ ላይ ያወርዱበታል። ይህን ደብዳቤ እንደ መጀመሪያው ይቁጠሩልኝ። ቀንድ ስለሌለዎት ላባውን ምን እንደምናደርገው የጎሳው ሴቶች ገና አልተስማማንም፤ ሐሳብ ካለዎት ብንቀበል ደስ ይለናል።

የቦርድዎን ማኅተም በሩቁ እጅ እየነሣሁ፣ ለሸለቆው ታሪክ ያለዎት ፍቅር አንድ ቀን ታሪኩ ያለባቸውን ሰዎች ጭምር እንዲያጠቃልል እየጸለይኩ፣ በማይታክት አክብሮት እሰናበታለሁ።

የልጆችዎ የቀድሞ ሾፌር፣
ማርሊታ ሰንዳውን
የተኩላ ጎሳ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለተከበረ ጎረቤት ስም ማውጣት ደስ የሚል ልማዳችን ነው፤ የጎሳው ሴቶችም በበቆሎ ሾርባ ላይ ሆነን ግማሽ ቀን ከመከርን በኋላ ለእርስዎ አንድ አውጥተናል። ባለቤትነቱን አላስመዘገብነውም፣ በነፃ ነው፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ ከወዲሁ ይጠራዎታል፣ እየሳቀም ቢሆን። ትርጉሙ ምን እንደሆነ ማወቅ ከፈለጉ መጥተው መጠየቅ ብቻ ነው። መንገዱ የሃያ ደቂቃ ነው፤ የሄደበት የቦርድ ሊቀ መንበር እስከ ዛሬ ስለሌለ እንዳይጠፉ ልጄ ድልድዩ ጋ ቆሞ ይጠብቅዎታል።